‹ጓ› ያጠመደችው አምባዛ

አንዳንዱ ሰው በሠራው ይታሰራል፤ አንዳንዱ ባልሠራው። እኔን ግን እስር ቤት ያስገባኝ «ሠርቼዋለሁ፣ ሠርቼዋለሁ» እያልኩ የፒያሳን ሕዝብ ጆሮ ያደነቆርኩበት፣ ነገር ግን አንድም ቀን ሠርቼው የማላውቅ ሥራ ነው፤ ዓሣ ማጥመድ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። ስናገር ጨው ጣል የማድረግ አመል እንዳለብኝ የሚያውቀኝ ያውቃል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ጨው ግን የባሕሩ ብቻ ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ ደርግ ነው። የከፋው የደም ወራት አልፏል፤ ፍርሃቱ ግን እንደ ቤት ዕቃ ግድግዳችንን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብላ በነበረች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል ከእርሳስ የተሠራ ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ አላልኩም፤ ማዕድኑን፣ ያን ከባዱን። ለቃሚው ከሳጥኑ አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል ያደርገዋል፤ ቃሉን መስመር፣ መስመሩን ገጽ።

ፊደልም እንደ ሰው ያረጃል። በንጉሡ ዘመን ‹ጓ› የምትባለው ፊደል ሥራ ፈት ነበረች። አልፎ አልፎ ‹ጓዳ› ወይም ‹ጓሮ› የሚል ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ከሳጥኗ ብቅ ትላለች። አብዮቱ ሲመጣ ግን ‹ጓድ› መጣ። የስብሰባ ጥሪው ጓድ፣ የሠርግ ካርዱ ጓድ፣ የሐዘን መግለጫው ጓድ። ምስኪኗ ‹ጓ› ፊቷ ተልጦ ‹ገ› ትሁን ‹ጎ› መለየት አቃተን። አለቃችን በአዲስ ሲተካቸው አሮጌዎቹን «ጠርገህ ውሰድልኝ» አለኝ። አንድ ኪስ ሙሉ ‹ጓ› ይዤ እሪ በከንቱ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ገባሁ። ለምን እንደፈለግኋቸው አሁን ትሰማላችሁ።

ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ተደግፌ፣ አንዲት ማኪያቶ እስክትበርድ ድረስ እቀድ ነበር። ሌላው መረብ ሲቀደድበት ያዝናል፤ እኔ ወሬ ካልቀደድኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዋናው ቀደዳዬ ደግሞ አሰብ ላይ ያጠመድኩት ዓሣ ነው። «ጭንቅላቱን ማዘጋጃ ቤት ብታስተኙት፣ ጅራቱ ቴዎድሮስ አደባባይ መኪና ያስቆማል!» እል ነበር።

እውነቱ ምንድን ነው? አሰብ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። የወሰደኝ ከድር ነው፤ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር፣ የልብ ጓደኛዬ። ከድር ጭነት እስኪደርሰው ድረስ ወደቡ ዳር ቆሞ ዓሣ ያወጣል። እኔ ሙቀቱ ጥሎኝ ሦስቱንም ቀን መኪናው ሥር ተኝቼ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ አድርጌ አሳለፍኩ። ከባሕሩ ያየሁት ቢኖር በሁለት ጎማዎች መሃል የምትታየዋን ነው።

ከድር የሚያጠምድባትን መሣሪያ የሰጠው አንድ የውጭ መርከበኛ ነው። ጭንቅላቷ የእርሳስ እንክብል፣ ከአንገቷ በታች እንደ ቀሚስ የሚዘናፈል ፀጉር፣ ከቀሚሱ ውስጥ የተደበቀ መንጠቆ። ከመንጠቆው ፊት ሣር እንዳይዛት የምትከላከል ጠንካራ ብሩሽ ነገር አለች። ትል የለ፣ ሥጋ የለ። ወርውረህ ስትጎትታት ልክ እንደ ትንሽ ዓሣ ትዋኛለች። ስለዚህ ከድር ‹ዋናተኛ› ይላታል።

«ስማ ታደለ» አለኝ በፎጣዬ ላይ ጎንበስ ብሎ። «ባሕር ላይ ከባዱን ነው የምትጥለው፤ ማዕበሉ እንዳይጫወትበት። ፈጠን አድርገህ ጎትት፤ የባሕር ዓሣ የሚሸሽ ነገር ያባርራል። ሐይቅ ላይ ግን ቀላሉን…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አልኩት።

«ምኑን ታውቃለህ? ገና ሳልነግርህ!»

«የቀረውን ገብቶኛል» ብዬ ተገላበጥኩ። በሕይወቴ ሰምቼ ላለመጨረስ የከፈልኩት ዋጋ ሁሉ ከዚያች ግልበጣ ይጀምራል።

አንድ ቀን ኬክ ቤቱ ውስጥ አንዱ ተነሣና «ታደለ፣ ይህን ሁሉ ዓሣ ስትይዝ እኛ አንዲት እሾህ እንኳ አላየንም!» አለኝ። ቤቱ ሳቀ። እኔም በወኔ «በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው እሁድ አምጥቼ ባንኮኒው ላይ ካልጣልኩ ታደለ አትበሉኝ!» ብዬ ፎከርኩ። እንግዲህ ዋናተኛ መሥራት ግድ ሆነ። መንጠቆ ከድር ሰጥቶኛል። እርሳስ ኪሴ ሙሉ ‹ጓ› አለ። ለሣር መከላከያዋ የአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፀጉር ነቀልኩ። የቀረው ቀሚሱ ነው።

ጎረቤቴ ባሻ ወልደየስ ይባላሉ። የዱሮ ሰው ናቸው። አብዮቱ መሬታቸውንም ማዕረጋቸውንም ወስዶ፣ መልሶ ደግሞ ሽምግልናቸውን አይቶ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኛ አደረጋቸው። ሰፈር ውስጥ ‹ባሻዬ›፣ ስብሰባ ላይ ‹ጓድ ባሻ› ይባላሉ። ከቀድሞው ክብራቸው የተረፈቻቸው የዝንብ ማባረሪያ ጭራቸው ብቻ ነበረች፤ ከነጭ ፈረስ ጅራት የተሠራች፣ ረጅም፣ ሐር የመሰለች። ጠዋት ሲታጠቡ አጥራችን ላይ ካለች ሚስማር ይሰቅሏታል። እኔ ደግሞ በአጥሩ በኩል በየቀኑ አራት አምስት ፀጉር እመዛለሁ። ወር ሳይሞላ ጭራዋ መመለጥ ጀመረች።

«ማዕረጌንስ አዋጅ ወሰደው» ይሉ ነበር ባሻ እያገላበጡ፤ «ጭራዬን ምን ወሰደው?»

«ዘመኑ ነው ባሻዬ» እላለሁ እኔ። በሆዴ ‹የዋናተኛዬ ቀሚስ ሊሞላ ነው፣ ሁለት ቀን ብቻ ይታገሡኝ› እያልኩ።

የፎከርኩባት እሁድ ልትደርስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢዬ ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ የባለቤቴን የጥሩነሽን መጥበሻ ጣድኩ። በሸክላ አፈር የቀረጽኳቸው የጭንቅላት ማፍሰሻ ጉድጓዶች ፀሐይ ላይ ደርቀዋል። ‹ጓ›ዎቹን መጥበሻው ላይ በተንኳቸው፤ ቀለጡ። ለባሕር ሁለት ትልልቅ፣ ለሐይቅ አንዲት ትንሽ ጭንቅላት አፈሰስኩ። ወጡ፣ ቀዘቀዙ፣ ቀሚሳቸውን አሰርኩላቸው። ደስ ሲለኝ ለከድር ደብዳቤ ጻፍኩና ሰኞ ልልከው ኪሴ ከተትኩት።

ያን ጊዜ የአብዮት ጥበቃው ደምሴ ጠመንጃውን አንግቦ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?»

«እርሳስ ነው፣ ጓድ ደምሴ።»

«እርሳስ ይጠበሳል እንዴ? ምን ልትጽፍበት?»

«የሚጻፍበት አይደለም፤ ጭንቅላት የሚሠራበት ነው።»

«የማን ጭንቅላት?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔና ዝምታ ግን ተዋውቀን አናውቅም። «የዋናተኛው!» አልኩት።

ደምሴ አጥሩን ዘሎ ገባ። መጥበሻው ውስጥ ያለውን አየ፣ ጭንቅላቶቹን አየ፣ እኔን አየ። «ጥይት!» አለ። እጆቼን ወደ ላይ ሳነሣ ጥሩነሽ ከቤት ወጣች። ሚስት ናትና ትጮህልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «መጥበሻዬን!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ግን ጠመንጃውን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

ደምሴ ከነመጥበሻው ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነዳኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሾመ ይባላል። ስሙም ተሾመ፣ ሥራውም ተሾመ። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አንዱ እግሩ አጥሮ የወጣውን የሠርግ ሱሪዬን የሰፋው እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ከክፉ ይልቅ ፈሪ ሰው ይበልጥ ያስፈራ ነበር። በቀኙ ባሻ ወልደየስ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ደምሴ መጥበሻውን ጠረጴዛው ላይ ገጭ አደረገው።

ሊቀመንበሩ ከመጥበሻው ዳር ሳይቀልጥ የቀረ አንድ ፊደል በሁለት ጣቱ አነሣ። የማተሚያ ፊደል ደግሞ ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው። አዟዙሮ አየው።

«ይህ የየት አገር ጽሑፍ ነው?»

«የእኛው ነው ጓድ ሊቀመንበር። የሚነበበው ሲታተም ነው።»

የማኅተሙን ቀለም አቀረበ። ፊደሉን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ጫን አደረግሁት። ደብዘዝ ያለች ‹ጓ› ወጣች።

«የምን ‹ጓ›?» አለ።

«የ… የጓድ ‹ጓ›።»

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ «ጓድን… አቀለጥከው?» አለኝ።

«ኧረ በጭራሽ! ከሥራ ብዛት አልቃ ነው! በንጉሡ ጊዜ ‹ጓዳ› እና ‹ጓሮ› ብቻ ነበር የምትጽፈው፤ አሁን ግን ሌት ተቀን ስታገለግል… ጡረታ ናት ጓድ ሊቀመንበር። ጡረታ አውጥቻት ነው።»

«በመጥበሻ?» አለ ደምሴ።

ከዚያ ኪሴ ተፈተሸ። ደብዳቤው ወጣ። ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ እኔ የጻፍኩት ደብዳቤ በእሱ አፍ ሲነበብ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ራሴ ራሴን ጠረጠርኩ።

«‹ወንድሜ ከድር ሆይ። ዋናተኛውን አዘጋጅቻለሁ። ጭንቅላቱ እርሳስ ነው። ቀሚስ አልብሼዋለሁ። በሣር መሃል ሲያልፍ ማንም አይነቃበትም። ለአንተ ወደ አሰብ ከባዱን እልካለሁ፤ ቀላሉን እኔ እዚህ እሞክረዋለሁ። ትልልቆቹ ማለዳ ማለዳ ብቅ ይላሉ፤ ያኔ ነው መያዝ። ከዚያ በኋላ ከተማው ስለ እኛ ያወራል።›»

ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ቀሚስ ለብሶ ወደ አሰብ የሚሻገረው ሰው ማን ነው?»

«ሰው አይደለም፤ መንጠቆ ነው።»

«ትልልቆቹስ እነማን ናቸው?»

«ዓሦች ናቸው።»

«ስም ጥራ!»

«አምባዛ… ቆሮሶ…»

ደምሴ እየጻፈ ነበር። ቀና ብሎ «የአምባዛ አባት ማን ይባላል?» አለኝ።

እንዳልስቅ ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ። መሳቄ ቢሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ ከጭንቅላቶቹ አንዱን አነሣና ቀሚሱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ለአፍታ ልብስ ሰፊነቱ አሸነፈው። «ይህ ነው ቀሚስ? ጠርዙ እንኳ አልተዘመዘመም» ብሎ ወደ ባሻ አቀበላቸው።

ባሻ ዓይናቸው አጠገብ አድርገው አዩት። ፀጉሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ጭራቸውን አዩ። ደግሞ ፀጉሩን። ደግሞ እኔን።

«አንተ ታደለ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ይህ የአባቴ ፈረስ ጅራት ነው!»

«ባሻዬ፣ ይማሩኝ…»

«ዝንቡ ሁሉ ሲስቅብኝ የከረመው ባንተ ነው!» ብለው በተመለጠችው ጭራ ትከሻዬን መቱኝ። ፀጉር ስላልነበራት በእንጨቱ ነው የደረሰኝ።

ይሁንና ያቺ ጭራ አዳነችኝ፤ ቢያንስ እስከ ማግስቱ። ባሻ ንዴታቸው ሲበርድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ዱሮ ዳኛ ተናገሩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ በዘመኔ ብዙ ጥይት አይቻለሁ፤ የፈረስ ጅራት የታሰረበት ግን አላየሁም። ይህ ሰው ሌባ መሆኑ ተረጋግጧል። ሴረኛ መሆኑ ገና ነው።»

ሊቀመንበሩ በላብ ተጠምቋል። አሁን ስረዳው ችግሩ ከእኔ አይተናነስም። ጉዳዩን ወደ ‹ከፍተኛ› ቢያስተላልፍና የዓሣ መንጠቆ ሆኖ ቢገኝ መሳቂያ ሊሆን ነው። ቢለቀኝና ጥይት ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ራሱ ተጠያቂ ነው። ከፍተኛ ማለት ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ወደዚያ ስለሄደ ሰው ‹ይመለሳል› ሲባል እንጂ ‹ተመለሰ› ሲባል ብዙም አልሰማሁም።

«እንግዲያው በውሃ ይፈተን» አሉ ባሻ። «ዓሣ ካወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። ካላወጣ ግን…»

«ካላወጣ?»

«አጥማጅስ አጥማጅ ነው፤ የሚያጠምደው ግን ዓሣ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ እፎይ ብሎ ማኅተሙን ከደነ። «ነገ ጠዋት ግድብ እንሄዳለን። እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ዓሣ ካወጣህ ቤትህ ትገባለህ። ካላወጣህ ከዚያው በቀጥታ ወደ ከፍተኛ። ይህን ሁሉ ዓመት ፒያሳን ያስወራህ ሰው ነህ፤ አንድ ዓሣ ምንህ ነው?»

ምኔ ነው! እዩልኝ እንግዲህ፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ መንጠቆውም፣ ደብዳቤውም። ውሸቴ አንድ ብቻ ነው፤ ማጥመድ መቻሌ። እግዜር ግን ነፍሴን ከዚያችው ላይ አንጠለጠላት። ያን ሌሊት በቀበሌው እስር ክፍል ቁጭ ብዬ የማስታውሰውን የዓሣ ዕውቀት ሁሉ ሰበሰብኩ። ‹ባሕር ላይ ከባዱን፤ ፈጠን አድርገህ ጎትት፤ ሐይቅ ላይ ግን ቀላሉን…› ከሚለው ሌላ አልተገኘም።

እሁድ ጠዋት በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ፒካፕ ተጫንን። ሊቀመንበሩ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔ፣ ባሻና ደምሴ ከኋላ። በቴዎድሮስ አደባባይ ስናልፍ ኬክ ቤት የማውቀው አንድ ሰው አየኝና «ታደለ! ዓሣ ልትይዝ ነው?» ብሎ እጁን አውለበለበ። ደምሴ ጠመንጃውን አስተካክሎ «አዎ፣ አጅበነው ነው» አለው።

ከአቃቂ ወዲያ ያለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ውሃው ዳር ዳሩን ሣር በልቶታል። ዘንግ የለኝም፤ የናይሎን ክሩን በወተት ቆርቆሮ ዙሪያ ጠምጥሜዋለሁ። በሰው ፊት ትንሿን ማውጣት አሳፍሮኝ ትልቋን ዋናተኛ አሰርኩ። ሦስቱም ሰዎች ከኋላዬ ተደረደሩ። ደረቴን ነፋሁ። «ራቅ በሉ፤ የአሰብ ውርወራ ነው!» አልኩ። መፎከር የሚባል በሽታ አፈሙዝ ፊትም አይለቅም።

አዙሬ አዙሬ ወረወርኩ። ከኋላዬ «ወይኔ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። በሕይወቴ መጀመሪያ ያጠመድኩት ፍጥረት ጓድ ሊቀመንበሩ ነበር፤ መንጠቆው የኮቱን ኪስ ነክሶ ይዟል።

«አይንቀሳቀሱ!» አልኩት።

«ማን ማንን ነው የሚያዘው!» አለ እሱ። ኪሱ ግማሹ ተቀዶ መንጠቆው ተላቀቀ። ሊቀመንበሩ ቅዱን በጣቱ ለክቶ፣ «ይህንን የሚሰፋ ሰው ከተማ ውስጥ የለም፤ እኔ ነበርኩ» ብሎ አዘነ።

በሁለተኛው ውርወራ ውሃ ገባች። ገብታም ቀረች። ለባሕር የተሠራች ከባድ ጭንቅላት ናትና በቀጥታ ጭቃው ውስጥ ሰመጠች። ብጎትት ብጎትት ክሩ ተበጠሰ።

«ዋናተኛው መዋኘት አይችልም እንዴ?» አለ ደምሴ።

ሁለተኛዋን ትልቅ አሰርኩ። አሁን ደግሞ እንዳትሰምጥ ብዬ እንደ እብድ በፍጥነት ጎተትኳት። በውሃው ላይ እየዘለለች መጥታ ሣር ውስጥ ገባች፤ በጥርስ ብሩሽ የሠራሁት መከላከያም አልተከላከለም። እሷም ቀረች። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆነ። ሊቀመንበሩ ፒካፑን ዞር አድርጎ እንዲያቆም ለሾፌሩ ምልክት ሰጠ። የፊቱ አቅጣጫ ወደ ከተማ ነው፤ ወደ ከፍተኛ።

የቀረችኝ አንዲት ትንሽ ነበረች። ተንበርክኬ አሰርኳት። ጥሩነሽ ትዝ አለችኝ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ባሻ መጥተው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ወረወርኩ። ትንሿ ዋናተኛ ከሣሩ ወዲያ ጠብ አለች። እኔም ፉከራዬ ሁሉ አልቆብኝ፣ ክሩን ቆርቆሮው ላይ ቀስ እያደረግሁ እየጠመጠምኩ፣ ውሃውን እያየሁ ተናገርኩ።

«ባሻዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ምን?»

«እኔ በሕይወቴ ዓሣ ይዤ አላውቅም።»

ባሻ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ። «አሰብስ?»

«መኪና ሥር ነበርኩ። ሙቀት ጥሎኝ።»

«ማዘጋጃ ቤትና ቴዎድሮስ አደባባይ የተጋደመውስ?»

«ውሸት ነው ባሻዬ።»

«ታዲያ አንተ ልጅ፣ ምን አስዋሸህ?»

እጄ ቀስ እያለ ይጠመጥማል። «ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ነው የምለቅመው። ይህን አድርጉ፣ ያን አውግዙ፣ ወደፊት። አንዱ ፊደል እንኳ የኔ አይደለም። ማታ ስወጣ የራሴ የሆነ አንድ ነገር መናገር ያምረኛል። የራሴ የሆነ ነገር ግን አልነበረኝም፤ ስለዚህ…»

ክሩ ቆመ።

ሣር መስሎኝ ነበር። ሣር ግን መልሶ አይጎትትም። ቆርቆሮው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል አንቄ ያዝኩት። «ባሻዬ!» አልኩ። ባሻ ጭራቸውን ጥለው ወገቤን አቀፉኝ። ደምሴ ጠመንጃውን ሣሩ ላይ ጥሎ እየሮጠ መጣና ክሩን ያዘ። ሊቀመንበሩ ከኋላ «ጎትት! ላላ! ጎትት! አይዞህ ጓድ ታደለ!» እያለ በተቀደደ ኪሱ ይዘላል። በዚያ ቅጽበት እስረኛና ጠባቂ አልነበረም፤ አራት ጅሎችና አንድ ክር ብቻ ነበርን።

ጥቁር፣ ጢማም፣ ክንድ የሚያህል አምባዛ ከጭቃው ላይ ወጥቶ ተንፈራፈረ። ክንድ አልኩ። ብፈልግ በዚህ ላይ መጨመር እችል ነበር፤ አልጨመርኩም። ከአፉ ጥግ የፈረስ ጅራት ቀሚሷ ይታያል። ያቺ ትንሽ ጭንቅላት ሙሉ በሙሉ ከ‹ጓ› የቀለጠች ነበረች።

አስተዋላችሁ? ዓሣ ይዤ አላውቅም ባልኩባት ደቂቃ ዓሣው ይዞኝ ውሸታም አደረገኝ። ሳለቅስና ስስቅ መለየት አቃተኝ። ኋላ ከድር ሲመለስ «ሐይቅ ላይ ቀላሉን፣ ዝግ ብለህ፣ ከሣሩ ጫፍ ጫፍ አስዋኛት ልልህ አልነበረም?» አለኝ። እኔ እኮ በፎከርኩ ቁጥር እጄ ይፈጥን ነበር። ቀስ ያደረገው ኑዛዜው ነው።

ግን ደስታችን ሳይቆይ ባሻ ጎንበስ ብለው ዓሣውን መረመሩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ቅርፊት የለውም።»

«እና?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቅርፊት የሌለው አይበላም። ዓሣም አይባልም። ፍርዱ ‹ዓሣ ካወጣ› ነው የሚለው።»

ልቤ ዳግመኛ ወደ ጭቃው ወረደች። ሊቀመንበሩ አምባዛውን አየ፤ እኔን አየ፤ ፒካፑን አየ። ያን ሰው በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቆፍጠን ብሎ አላየሁትም።

«ጓድ ባሻ!» አለ። «ቅርፊት የመደብ ልዩነት ነው! በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ቅርፊት ያለውም የሌለውም ዓሣ እኩል ነው!»

«እኩልስ ይሁን» አሉ ባሻ፤ «ግን አይበላም።»

«እንዲበላ አልተፈረደም፤ ዓሣ እንዲሆን ነው የተፈረደው!»

ደምሴ በወረቀቱ ላይ ‹አንድ ጢማም ዓሣ፣ በእኩልነት› ብሎ ጻፈ። በኋላም እኩልነቱን ለማረጋገጥ ይመስላል፣ አምባዛውን ቤቱ ወስዶ ብቻውን በላው።

ባሻ ግን በሌብነቱ አልማሩኝም። ፍርድ ሸንጎው ጭራቸውን በነጭ ፈረስ ፀጉር እንድሞላ ወሰነብኝ። ነጭ የጋሪ ፈረስ ፍለጋ ስንከራተት፣ ካገኘሁት አንዱ የሰጠኝ እርግጫ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ይታወሰኛል። ትንሿን ዋናተኛ ባሻ ራሳቸው ወሰዱና ከጭራቸው እጀታ ጋር አሰሯት። ከዚያ ወዲህ ዝንብም ዓሣም ይፈራቸው ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ ጥሩነሽ ደጃፍ ላይ ቆማለች። መጥታ እጄን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው ጥሩዬ?»

«ከአሰብ ስትመለስ እጅህ ናፍታ ናፍታ ነበር የሚለው» አለችኝ። «በየሳምንቱ ዓሣ ያዝኩ ስትል እጅህ ቀለም ቀለም ይል ነበር። ዛሬ ገና ዓሣ ዓሣ ሸተትክ።»

«ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ስታወራ ደስ ስለሚልህ ነዋ» አለችና፣ በነጠላዋ እንባዋን ጠርጋ፣ «መጥበሻዬስ የታል?» አለችኝ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ቀደዳ ተውኩ ብላችሁ እንዳትደመድሙ፤ ይህንን ብል ከሁሉም የባሰው ውሸቴ ይሆናል። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አፌ ሲፈጥን እጄን አያለሁ። እጄ ከፈጠነ፣ እየጎተትኩ ያለሁት ባዶ ክር መሆኑን አውቃለሁ። እውነት ስናገር ቀስ ይላል። በማግስቱ ኬክ ቤት ሄጄ ይህንኑ ታሪክ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ከነአምባዛው ከነእኩልነቱ ነገርኳቸው። አንድ ሰው እንኳ አላመነኝም። «የማዘጋጃ ቤቱ ዓሣ ይሻል ነበር» አሉኝ።

እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም። ሰው የሚላችሁን ሁሉ በጆሯችሁ ብቻ አትመኑ፤ እንደ ጥሩነሽ እጁን አሽትቱ። የኔ ግን አሁን ብታሸትቱት፣ ይህንን ስጽፍ ስለዋልኩ፣ የሚሸተው ቀለም ነው።